ለሰማይ የሰጠነው ጋዝ

ሽታውን ያወጣሁት እኔው ነኝ። መላዝ የሚባለው የሪያድ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የማሠልጠኛ አዳራሽ፣ ልጆቼ ሊሆኑ በሚችሉ ወጣቶች መካከል፣ የጋዝ አያያዝ የተግባር ፈተና ላይ ቆሜ ቱቦውን ከሲሊንደሩ ጋር አገናኘሁ። ከዚያ ግራ እጄ ማንንም ሳታስፈቅድ ሄዳ ማሰሪያውን ላላ አደረገችና ጥቂት ጋዝ አስተነፈሰች። ሽው አለ። ከአንድ ሰከንድ አይበልጥም። ቱቦው ውስጥ የቀረው አየር እንዲወጣ ብለን የምናደርገው ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ በቀን አሥር ጊዜ ሳደርገው ኖሬያለሁ። ፈተናው ደግሞ ከምንም በላይ የሚፈትነው ይህን አለማድረግን ነበር። ፈታኙ ኢንጂነር፣ ጢሙን በሥርዓት የተከረከመ የሳዑዲ ወጣት፣ ከወረቀቱ ቀና ብሎ ወደ እኔ መራመድ ጀመረ። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር በዚያች ቅጽበት ስለ ፈተናው አላሰብኩም። ጣፋጭ ጣፋጭ የሚለው፣ ከማሽን ዘይት ጋር የተቀላቀለው ያ ቀዝቃዛ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ወደ ድሮዋ መንፉሐ ሰፈር፣ ሥራውን ወዳስተማረኝ ወደ ጋሽ ደምሴ ወስዶኝ ነበር።

ለምን እንደተፈተንኩ ላስቀድም። ሰይድ እባላለሁ፤ የባቲ ልጅ ነኝ፤ ፀጉሬ የሸበተው እዚህ ሪያድ ፍሪጅና ኤሲ ስጠግን ነው። በቅርቡ አዲስ ደንብ መጣና ካርድ የሌለው ሰው ጋዝ መንካት አይችልም ተባለ። አሠሪዬ፣ እኛ ካፊል የምንለው፣ ሷሊህ ይባላል፤ መጀመሪያ የቀጠሩኝ አባቱ ናቸው። ሷሊህ ክፉ ሰው አይደለም። ሱቅ ድረስ መጥቶ ሻይ ጠጣና፣ እንደ ወትሮው አጎቴ ብሎ፣ «አሚ ሰይድ፣ ካርዱን ካላመጣህ በዚህ ሙያ ኢቃማህን ማደስ አልችልም፤ በእኔ እጅ አይደለም» አለኝ። የመኖሪያ ፈቃዴ የሚያልቀው በሚቀጥለው ወር ነው። በእኔ ፈቃድ ሥር ደግሞ ልጄ ሐናን አለች፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ የኮሌጅ የመጨረሻ ዓመቷን የጀመረች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። የእኔ ወረቀት ከቆመ የእሷም ይቆማል፤ ትምህርቷን አጋማሽ ላይ ጥላ፣ አይታው ወደማታውቀው ባቲ ከእኔ ጋር ትሄዳለች። ያን ቀን በግራ እጄ ላይ የተንጠለጠለው ይህ ሁሉ ነበር።

ጋሽ ደምሴ የኮምቦልቻ ሰው ነው። በዕድሜ የሚበልጠኝ በስድስት ዓመት ብቻ ነው፤ ግን እኔ ስመጣ እሱ ዐረብኛውንም ሥራውንም ጨርሶ ስለጠበቀኝ ጋሼ አልኩት፣ በዚያው ቀረ። ሱቃችን አንድ በር ነበረች። በቀኟ የአፍጋኑ ዳቦ ቤት፣ በግራዋ የየመኒው ፀጉር ቤት። አፍጋኑ ጠዋት ጠዋት ከምድጃው የሚያወጣው ተሚስ የሚባለው ሰፊ ዳቦ አንድ ሪያል ነበር፤ የሁለት ሪያል ፉል ከተጨመረበት ሁለት ሰው እስከ ዙሁር ሶላት ድረስ ስለ ምግብ አያነሳም። ቱታችን ሰማያዊ ነው፣ ጉልበቱ ሁልጊዜ በዘይት የጠቆረ። ጋሽ ደምሴ ግን ዓርብ ዓርብ ቡኒ ሱፍ ሱሪውን መስመሩ እንደ ምላጭ እስኪሆን ተኩሶ ይለብስና፣ አፉ የሾለ ጫማውን ወልውሎ፣ ከመስጊዱ ወረድ ብሎ ካለው ማዕዘን ላይ ይቆማል። ከአገር ቤት የመጣ ሰው ካሴት ይዞ የሚያልፈው በዚያ ነበር። አሸዋ እንዳይገባበት ቴፑን በላስቲክ ጠቅልሎ ነው የሚያስቀምጠው፤ ስለዚህ ሱቃችን ውስጥ የሚዘፍን ሁሉ ጉንፋን የያዘው ይመስል ነበር። ዛሬ በዚያ ማዕዘን ስልክ የሚሸጥ ሱቅ አለ፤ በመስታወቱ ላይ ሳልፍ ራሴን አያለሁና ቱታዬን ሳብ ሳብ አደርጋለሁ።

ኮምፕሬሰሩ የሞተ ኤሲ ሲመጣልን የመጀመሪያው ሥራ ውስጡ የቀረውን ጋዝ ማስወጣት ነው። ይህንን ለሰማይ መስጠት እንለው ነበር። ጋሽ ደምሴ ከተቀመጠበት ሳይነሳ «ሰይድ፣ ያላ፣ ለሰማይ ስጠው» ይለኛል። ወደ ጓሮ አወጣውና ቱቦውን እቆርጣለሁ፤ ጋዙ ነጭ ጭስ እየመሰለ ይወጣል፣ የጓሮው ድመቶች አጥር ዘለው ይጠፋሉ። ማንም ምንም አላለንም። እሳት አያስነሳም፣ ዓይን አያቃጥልም፣ ሽታውም ደስ ይላል። ለራሳችን የሚሠራ ፍሪጅ ኖሮን ስለማያውቅ፣ በሐምሌ ሙቀት የለስላሳ ጠርሙስ ባልዲ ውስጥ አቁመን ሲሊንደሩን ገልብጠን እንነፋበት ነበር። ጠርሙሱ በደቂቃ ውስጥ በረዶ ይለብሳል። አንድ ጊዜ ሙሉ ሐብሐብ አቀዝቅዘን ለአፍጋኑም ለየመኒውም አካፈልን፤ የመኒው ከተማው ውስጥ እንዲህ የቀዘቀዘ ሐብሐብ በልቶ እንደማያውቅ ማለ። ያቺ ሐብሐብ ለሰማይ ምን ያህል እንዳስከፈለች ያኔ የሚነግረን ሰው አልነበረም።

ጋዞቹን የምናውቃቸው በቁጥርና በቀለም ነው። አሥራ ሁለት ቁጥር ነጭ ሲሊንደር፣ ለፍሪጅ። ሃያ ሁለት ቁጥር አረንጓዴ፣ ለኤሲ። አንድ ሰሞን ነጩ እየጠፋ መጣ። ጋዝ የምንገዛው ኮያ ከሚባል ከኬረላ ከመጣ ሕንዳዊ ነበር፤ መደርደሪያው ላይ ነጮቹ ከአሥር ወደ አምስት፣ ከአምስት ወደ ሁለት ወረዱ፤ ዋጋቸው ግን ወጣ። ደብቆ ሊያስወድድብን ነው ብለን ተጣላነው። ኮያ ትከሻውን ነቅንቆ፣ አገሮች ሩቅ ቦታ ተሰብስበው ስምምነት መፈራረማቸውን፣ ይህ ጋዝ ሰማይን እየበሳው ስለሆነ ከእንግዲህ እየቀነሰ እየቀነሰ እንደሚቆም ነገረን። ጋሽ ደምሴ ሳቀ። «ሰማይ ጎማ ነው እንዴ የሚተነፍሰው? ኮያ፣ ያላ፣ ከጓዳ አውጣልን።» እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቤት ስገባ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። በስም የማላውቀው ከተማ ውስጥ፣ በስም የማላውቀው ሰው ብዕር አንሥቶ ፈረመ፤ ከዓመታት በኋላ መንፉሐ ውስጥ የኮያ መደርደሪያ ባዶ ሆነ። በመካከሉ ያለው መንገድ የቱ ነው? ያቺን ወረቀት ማን ተሸክሞ አመጣት? ጋሽ ደምሴን ስጠይቀው «አንተ ፍሪጅ ጠጋኝ ነህ ወይስ አምባሳደር?» አለኝ።

ኢንጂነሩ አጠገቤ ደርሶ ነበር። «ያ አሚ፣ አሁን ምን አደረግህ?» አለኝ በዐረብኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አየር አስወጣሁ።»

«አየሩን የሚያስወጣው ፓምፑ ነው። አንተ ያስወጣኸው ጋዝ ነው።» ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገ። «በጽሑፉ ጥሩ አምጥተሃል። የተግባሩን ግን ወድቀሃል። አንድ ዕድል ይቀርሃል፤ በሚቀጥለው እሑድ ና።» ከዚያ ትንሽ አሰበና «ማን ነው እንዲህ ያስተማረህ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥሩ ሰው ነው ያስተማረኝ አልኩት። እያሾፍኩ አልነበረም።

ሱወይዲ ሰፈር ያለው ቤታችን ስገባ ለሐናን ከበር ላይ ነገርኳት። መደበቅ አልችልበትም። ቦርሳዋን አስቀመጠች። ከዚያ የፈተናውን መመሪያ መጽሐፍ ይዛ ወንበር ሳበች። እኔ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ዘልዬው ነበር፤ ስለ መንግሥታት እንጂ ስለ ቱቦ አያወራም ብዬ። እሷ ግን ከዚያ ጀመረች፣ ዐረብኛውን እያነበበች በእሷው አማርኛ እየፈታችልኝ።

«ባባ፣ መፈረም ብቻ ኸላስ፣ አለቀ ማለት አይደለም» አለች። «ሰዎቹ ሄደው ይፈርማሉ። ከዚያ እያንዳንዱ አገር ወረቀቱን ቤቱ ይወስዳል። ከዚያ ተስዲቅ… ተስዲቅ በአማርኛ ምንድን ነው?»

«ማጽደቅ።»

«አዎ፣ ያጸድቃል። አንዱ አገር በምክር ቤት እጅ አውጥቶ፣ ሌላው በንጉሥ ትእዛዝ። ያላጸደቀ አገር አይገደድም። የሚበቃ ቁጥር ያለው አገር ሲያጸድቅ ነው ስምምነቱ ሥራ የሚጀምረው።»

«ይህማ የእኛ ጋብቻ ነው» አልኳት። «መፈረም ሽማግሌ ተልኮ እሺ እንደተባለው ነው። ማጽደቁ ኒካሁ።»

ሳቀች፤ ከገባሁ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። «ከኒካሁ በኋላስ?»

«ከኒካሁ በኋላማ ኑሮ አለ። ዋናው ችግር ያለው እዚያ ነው።»

ኑሮውም በምዕራፉ ውስጥ ተጽፎ ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት ስፈልገው የኖርኩት መንገድ። አገሩ ያጸድቃል፤ ሕግ ያወጣል፤ ከውጭ የሚገባውን ጋዝ ይመጥናል፤ ምጣኔውን ደረጃ በደረጃ ይቀንሳል፤ የጉምሩክ ሰው ሲሊንደሩን ይቆጥራል፤ አስመጪው ጥቂት ያገኛል፤ ኮያ ከዚያ ያነሰ ያገኛል። ወረቀቷን ማንም ተሸክሞ አላመጣትም፤ እየጠበበች እየጠበበች መጥታ በባዶ መደርደሪያ ነው መንፉሐ የገባችው። ሐናን አንድ ነገር ጨመረችልኝ። ስምምነቶቹ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ለቀዳዳው ነበር፤ በዚያ ምክንያት ነጩ ጠፋ። በነጩ ምትክ የመጡት ጋዞች ሰማይን ባይበሱም ምድርን እንደ ብርድ ልብስ የሚሸፍኑና የሚያሞቁ ሆነው ተገኙ፤ ስለዚህ አገሮች ተመልሰው ተሰብስበው፣ እነሱንም ለመቀነስ ተስማሙ። ካርዱ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ገረመኝ። ሪያድን ሳቀዘቅዝ የኖርኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በሌላው እጄ ሳሞቃት ነበር። መጽሐፉን ተቀብያት ያንን ገጽ ራሴ ደግሜ አነበብኩት። «ይሄ ሁሉ አገር ተስማምቶ» አለች ሐናን «መጨረሻው ያንተ እጅ ናት፣ ባባ።»

በማግሥቱ ልታለማምደኝ ሱቅ መጣች። ቱቦና የግፊት መለኪያውን ጌጅ ስትፈልግ ከመደርደሪያው ሥር፣ በጨርቅ የተሸፈነውን ነጭ ሲሊንደር አገኘችው። ታሪኩን መንገር ግድ ሆነብኝ። ወረቀት የሌለው ሁሉ እየተያዘ ወደ አገሩ የሚመለስበት ያ የግርግር ሰሞን ሲመጣ የጋሽ ደምሴ ወረቀት የተስተካከለ አልነበረም። መንፉሐ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጭር አለች፤ ፀጉር ቤቱ እንኳ ተዘጋ። አንድ ቀን ጠዋት ጋሽ ደምሴ ቡኒ ሱሪውን ለብሶ፣ አንድ ሻንጣ ይዞ መጣ። ሳይዙት ራሱ ወደ ተርሒል፣ ወደ አገር መመለሻው ጣቢያ፣ ሊሄድ ቆርጦ ነበር። ያን ነጭ ሲሊንደር ከኮያ ያገኘነው የመጨረሻው ነው፤ ብዙም ሳንነካው ደብቀነው ኖረናል። «ይህችን ለማንም እንዳትሸጣት፤ እመለሳለሁ፣ ኢንሻአላህ» አለኝ። አልተመለሰም። ኮምቦልቻ ሱቅ ከፈተ። በስልክ እናወራለን፤ ስልክ ግን ሽታ የለውም። ስለዚህ ሲናፍቀኝ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ቫልቩን አላላለሁ። ሽው። አንድ ጊዜ ብቻ። ሱቁ ውስጥ ጋሽ ደምሴ ይገባል፣ ቱታው፣ የተጠቀለለው ቴፑ፣ ፉሉ፣ ሁሉም። ከዚያ እዘጋዋለሁ። ለሰው ነግሬው አላውቅም ነበር።

ትስቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሳቀችም። ሲሊንደሩን በእግሯ ነካ አደረገችው፤ ቀላል ነው። «ባባ» አለች «እጅህ እኮ የምትለማመደው በዚህ ነው።»

ያን ሳምንት ሙሉ ማታ ከሥራ ስገባ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ባዶ ቱቦ ስገጥምና ስፈታ ሰነበትኩ። ሐናን አጠገቤ ቆማ የወጥ ማማሰያ ይዛለች። ግራ እጄ ወደ ማሰሪያው ስትሄድ ጉንጯን ነፍታ በማማሰያው ቸብ ታደርጋታለች። የመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ጊዜ፣ ሐሙስ ዕለት ሦስት ጊዜ ቸብ አለችኝ። ዓርብ አንድም ጊዜ አልመታችኝም፤ ግን ሁለታችንም እጄን አላመንናትም። ጠረጴዛው ላይ ሽታ አልነበረማ።

እሑድ ነጩን ሲሊንደር በጨርቁ ጠቅልዬ፣ በታክሲ ጭኜ መላዝ ወሰድኩት። በአዳራሹ ጥግ አሮጌ ጋዝ የሚረከቡበት ሚዛን አለ። ኢንጂነሩ ራሱ መዘነው። ሚዛኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ተመልሶ ሚዛኑን አየ።

«ይህ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው። ቅጹ ላይ የጎደለው ምን ላይ እንደዋለ መጻፍ አለብኝ። ስንት ፍሪጅ ሞላህበት?»

«አንድም።»

«ታዲያ የት ሄደ?»

ነገርኩት። ጓደኛዬ ትቶልኝ ሄደ፣ ሲናፍቀኝ ከፈት እያደረግኩ አሸተትኩት አልኩት። በዐረብኛ ስናገረው በአማርኛ ካሰብኩት በላይ ሞኝ ሆኖ ተሰማኝ። ወጣቱ ብዕሩን በጣቶቹ መካከል ሲያዞር ቆየና ጎንበስ ብሎ ጻፈ። አንገቴን አስግጌ አነበብኩት፤ «በጊዜ ብዛት ቀስ በቀስ የፈሰሰ» ይላል። ውሸት አይደለም። ለጨርቁ ግን ቦታ ስላልነበረው መልሶ ሰጠኝ፤ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

«ያላ፣ አሚ፣ ጀምር» አለኝ።

ቱቦውን አገናኘሁ። ግራ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኳትና ጨርቁን አስጨበጥኳት። ስትንቀሳቀስ ተሰማኝ፤ እውነቴን ነው፣ ጨርቁ ውስጥ ማሰሪያ ፈልጋ ጠመዘዘች። ቀኝ እጄ ብቻዋን የማሽኑን አሮጌ ጋዝ ወደ መሰብሰቢያው ሲሊንደር አስገባችና ፓምፑን አስነሳች። ጌጁ ቀስ እያለ ወረደ። ፓምፑ አየሩን መጥጦ እስኪጨርስ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ ነበረብን፤ ዝም ብሎ መቆም አልሆነልኝምና ስንከራተትበት የኖርኩትን ጥያቄ ጠየቅኩት። «ልጄ፣ እኔ ዛሬ እዚህ ጋዝ ባልለቅ፣ እነዚያ የፈረሙት ሰዎች በምን ያውቃሉ?» ሰንጠረዡን ጠቆመኝ። ከማሽኑ ስንት ግራም እንደሰበሰብኩ እጽፋለሁ፤ የሁላችን ይደመራል፤ ወደ መሥሪያ ቤቱ ይሄዳል፤ አገሩ ከሌላው ቁጥሩ ጋር አድርጎ በየዓመቱ ለስምምነቱ ጽሕፈት ቤት ያስታውቃል። መንገዱ ለካ ተመላሽም አለው። ግራሙን ጽፌ ስሜን ከሥሩ ፈረምኩ፤ በሕይወቴ የኢቃማና የኪራይ ካልሆነ ሌላ ነገር ፈርሜ አላውቅም ነበር። ፓምፑ ቆመ፤ ጌጁ ሳይነቃነቅ ቀረ። ኢንጂነሩ ወረቀቱን ገልብጦ ማኅተሙን መታ፤ «መብሩክ፣ አልፈሃል» አለኝ።

ለሐናን ከታክሲው ውስጥ ደወልኩላት። ክፍል ነበረች፤ ወጥታ አነሳችው። «ጨርሰሽ ትመረቂያለሽ» አልኳት።

ቀጥሎ ኮምቦልቻ ደወልኩ። ጋሽ ደምሴ ሳል ቢይዘውም ድምፁ ያው ነው። ሲሊንደርህን አስረከብኩ አልኩት፤ ይቆጣል ብዬ ነበር። «አሁን ትመልስልኛለህ ብዬ ጠብቄህ እንዳይመስልህ» አለ። ከዚያ ዝግ ብሎ፣ እዚያም ወረቀት እንደመጣ፣ ፍሪጅ የሚነካ ሁሉ ሠልጥኖ ይፈተን እንደተባለ፣ እሱም ለሰኞ እንደተጠራ ነገረኝ። በዚያ ዕድሜው መፈተኑ አሳፍሮት ነበር። «አንተዬ፣ ምንድን ነው የሚጠይቁት?»

«አፍህን አይጠይቁህም፣ ጋሼ፤ እጅህን ነው። ግራ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተታትና ጨርቅ አስይዛት።»

ረጅም ሳቅ ሳቀ። «እኔው ነኝ ያስተማርኳት ያንተን፤ አሁን አንተ የእኔን ታስተምርልኛለህ።» ቆይ፣ ስልኩን እንዳትዘጋ አለኝ። ዕቃ ሲጎተት፣ ብረት ከብረት ሲጋጭ ሰማሁ። ከዚያ በስልኩ ውስጥ፣ በጣም ቅርብ፣ ሽው አለ።

«ኸላስ፣ ይህች የመጨረሻዋ ናት» አለ ጋሽ ደምሴ።

ስልክ ሽታ የለውም ብዬ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ወደ ውስጥ ሳብኩት።